ፈተናው ሳይቀል መንገዱ ይስተካከል

ስለ ዩኒቨርሲቲና አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛውን ከሌላው ጋር አንድ ክፍል ስለማስተማር፣ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጥቂቶቹን አሳጥሬ አቀርባለሁ፤ ስም አልጠቅስም።

ያን ጽሑፍ ላላነበባችሁ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ዩኒቨርሳል ዲዛይን ፎር ለርኒንግ፣ በአጭሩ ዩዲኤል፣ ኮርስ ገና ሲነደፍ የተማሪዎችን ልዩነት አስቡበት የሚል አካሄድ ነው። ያዳበረው ካስት የሚባል በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ሐሳቡ የመጣው ከሕንፃ ሥራ ነው። አርክቴክቱ ሮን ሜስ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ዊልቸር ይጠቀም ነበር። ሕንፃ ካለቀ በኋላ ራምፕ ከመለጠፍ ሲጀመር ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ መሥራት ይሻላል ባይ ነበር።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ። ሃንድአውቱን በቴሌግራም ልኬለት “አያነብልኝም” አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ፋይሉን ይክፈቱና አንድ መስመር ለመምረጥ ይሞክሩ። አልመረጥም ካለዎት የላኩት ፎቶ ነው። ከመጽሐፍ ላይ ስካን የተደረገ ገጽ ለስክሪን ሪደር፣ ጽሑፍን ጮክ ብሎ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ባዶ ወረቀት ማለት ነው። ጉግል ድራይቭ ላይ ጭነው በጉግል ዶክስ ሲከፍቱት ወደ ጽሑፍ ይቀይርልዎታል። ጥራት ያለው የእንግሊዝኛ ስካን ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይወጣል። አማርኛውን ግን ቁጭ ብሎ ማረም ይጠይቃል።

ጽሑፉ ተመርጦም ተማሪው ትርጉም የሌለው ነገር ከሰማ ፎንቱን ይጠርጥሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች የላቲን ፊደሎችን የአማርኛ ልብስ ያለበሱ ነበሩ። ለእርስዎ ዓይን “ሕገ መንግሥት” የሚለው ለማሽኑ የተዘበራረቀ ምልክት ነው። ከፋይሉ አንድ አረፍተ ነገር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። እዚያ የሚያዩት ዝብርቅርቅ ተማሪዎ የሚሰማው ነው። ከመምህር ወደ መምህር በፍላሽ ሲገለባበጥ የኖረ የአማርኛ ሞጁል ካለዎት ይህን ሳያዩ አይላኩት።

ተማሪው ኮምፒውተር ካለው ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ የሮቦት ቢሆንም።

ክፍል ውስጥ ደግሞ “እዚህ ጋ እንደምታዩት” የምትባለዋን ነገር ይተዉ። በእጅዎ ከመጠቆም “ዋጋው ሲጨምር የሚፈለገው መጠን ይቀንሳል” ይበሉ። ቦርዱ የማይታየው የመጨረሻ ረድፍ ላይ ያለው ልጅም ይጠቀማል። የተስተካከለው ፋይልም እንደዚያው ነው። ዶርም ውስጥ በስልኩ ፈልጎ ለሚያነብ ሁሉ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዓይነ ስውር ተማሪ ቢመጣ ደግሞ ሥራው አልቆ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ለአካል ጉዳተኞች ተጨማሪ የፈተና ሰዓት መስጠት ለሌሎቻችን ግፍ አይደለም? ፈተናው አንድ ነው።

ፈተናው ምን ሊለካ እንደተዘጋጀ ጠይቅ። የአካውንቲንግ ፈተና ሒሳብ መዝጋት መቻልህን ነው የሚለካው፤ የእጅህን ፍጥነት አይደለም። ድንገተኛ ሕክምና ላይ ግን ፍጥነት ራሱ ሙያው ነው። እዚያ ሰዓቱን ላላ ማድረግ አይሆንም፤ ዩዲኤልም እንዲህ አድርጉ አይልም።

በአንባቢ የሚፈተንን ዓይነ ስውር ልጅ አስበው። አንባቢው ጥያቄውን ያነባል፣ ከዚያ አራቱን ምርጫዎች። ትምህርቱ የእሱ ስላልሆነ ቃሉ ላይ ይደናቀፋል። ልጁ “ሐ-ን ድገምልኝ” ይላል፤ ከዚያ “ጥያቄውንም”። አንተ በዓይንህ ወደ ላይ መለስ ብለህ በሁለት ሰከንድ የምትጨርሰውን። የሁለታችሁ 1 ሰዓት እኩል አይደለም።

ይህ ደግሞ የመምህር ችሮታ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 የፈተና ሰዓት ማራዘምን በስም ይጠቅስ ነበር። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1152 ተተካ። የድሮው አዋጅ “በተቻለ መጠን” የምትል ማምለጫ ነበረችው፤ ስንቱ ጉዳይ በእሷ በኩል እንደሾለከ ቤቱ ይቁጠረው።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግማሹ ክፍል ሳይጨርስ ወረቀት የሚሰበሰብበት ፈተና ለማንም ፍትሐዊ አይደለም። መልሱን እያወቀ ረጅሙ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ላይ ቆሞ የሚቀር ብዙ ነው። መምህሩ ጥያቄውን አሳጥሮ፣ ሰዓቱን ለሁሉም አስፍቶ ቢያዘጋጅ ለየብቻ ፈቃድ የሚለምነው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ዩዲኤል የሚለውም ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ጓደኞቼ ተሸክመው ያወጡኛል።

ክፍሉ ወደ ምድር ይውረድ። ማመልከቻውን ለዲፓርትመንቱ አስገባና ግልባጩን ለሬጅስትራር ስጥ፤ የተቀበሉበትን ማህተም አስመታ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ፕሮግራም ሳይወጣ ቢሆን ይሻላል። ላብራቶሪና ላይብረሪውንም አብረህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ልጄ ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) ስላለበት ሃይስኩል ልዩ የትምህርት ዕቅድ ነበረው። ኮሌጅ ሲገባ ሁሉም ቀረ። ስደውል “ከእሱ ጋር ብቻ ነው የምንነጋገረው” አሉኝ።

እህቴ፣ ኮሌጅ ላይ የሚሠራው ሕግ ሌላ ስለሆነ ነው እንጂ ንቀውሽ አይደለም። የሃይስኩሉ ዕቅድ የተመሠረተበት ሕግ ሃይስኩል ሲጨርስ ያበቃል። ኮሌጅ ላይ የሚሠሩት የ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የተሃድሶ ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው (እ.ኤ.አ.) የአካል ጉዳተኞች ሕግ ናቸው። በእነሱ መሠረት መጠየቅ ያለበት ልጅሽ ራሱ ነው። ስለ ትምህርቱ መረጃ የማግኘት መብቱም ኮሌጅ ሲገባ ከወላጅ ወደ እሱ ይተላለፋል።

የምርመራ ወረቀቱን ይዞ የኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች ቢሮ ይሂድ። ፕሮፌሰሩ የሚደርሰው ምን እንደተፈቀደለት የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ምርመራውን አያይም። ወገኖቻችን “ስሙ ይበላሻል” ብለው የሚደብቁት ነገር አለ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ምንም አይጻፍም። አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ፈተና አይታረምለትምና ከሚድ በፊት ይሂድ። አንቺ በር ድረስ ሸኚው፤ የሚናገረው እሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳነኝ ተማሪ ነኝ። አስተርጓሚ ተመድቦልኛል። መምህሩ ግን የሚያናግረው እሱን ነው፤ “ገባት?” ይለዋል።

ይህን ለመምህሩ አሳዪው። መምህር ሆይ፣ ሲጠይቁ እሷን ይዩ። ቦርድ ላይ እየጻፉ አይናገሩ፤ ቦርዱንም የአስተርጓሚውንም እጅ ባንዴ ማየት አትችልም። ስላይዱን ከአንድ ቀን በፊት ለሁለቱም ይላኩ። ለብዙ የሙያ ቃላት የተለመደ ምልክት ስለሌለ ቀድመው ይስማሙበታል፤ ክፍል ውስጥ ፊደል በፊደል ሲቆጥሩ ትምህርቱ አያመልጣቸውም።

ከአስተርጓሚሽም ጋር ተነጋገሪ። “ገባት?” ሲባል ራሱ ከመመለስ ጥያቄውን ወደ አንቺ ያስተርጉመው፤ አንቺ መልሺ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ መምህሩ ይለምደዋል።