ታክስ የተከፈለበትን አይአርኤ ወደ ሮት ማዛወር፦ መጀመሪያ ከድሮው 401ኬ የመጣውን አንሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ፋይል ታደርጋላችሁ፤ የ2025 ገቢያችሁ ከ246,000 ዶላር ስለሚበልጥ ሮት አይአርኤ (ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ ገብቶ በጡረታ ጊዜ ያለ ታክስ የሚወጣበት የግል የጡረታ ሂሳብ) ውስጥ በቀጥታ ማስገባት አትችዪም። ታክስ የከፈልሽበትን 7,000 ዶላር ትራዲሽናል አይአርኤ (ታክሱ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ሲወጣ የሚከፈልበት የግል የጡረታ ሂሳብ) ውስጥ አስገብተሽ ወደ ሮት ብታዞሪው ታክስ ይኖረዋል ወይ? ከቀድሞ ሥራሽ 401ኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ሂሳብ) የመጣ፣ ታክስ ያልተከፈለበት 63,000 ዶላርም በሌላ ትራዲሽናል አይአርኤ አለሽ።

እንዳለ ካዞርሽው፣ አዎ፣ አለው። ማዛወሩ ራሱ ከ2010 ጀምሮ የገቢ ጣሪያ የለበትም፤ ችግሩ ያ 63,000 ነው። በተለያየ ድርጅት ቢቀመጡም አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ትራዲሽናል፣ እንዲሁም ለግል ሥራና ለትናንሽ ድርጅቶች የሚከፈቱትን ሴፕና ሲምፕል አይአርኤዎችሽን እንደ አንድ ቋት ነው የሚያያቸው። ጤፍና ስንዴ አብሮ ከተፈጨ ጤፉን ብቻ መዝገን አይቻልም። 7,000 ከጠቅላላው 70,000 ላይ 10 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ካዞርሽው ውስጥ ከታክስ ነፃ የሚሆነው 700 ብቻ ነው። ቀሪው 6,300 ገቢያችሁ ላይ ይደመራል፤ በ24 በመቶ እርከን 1,512 ዶላር የፌዴራል ታክስ ማለት ነው። የባለቤትሽ አይአርኤ አንቺ ስሌት ውስጥ አይገባም።

መውጫው የአሁኑ አሠሪሽ 401ኬ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሮልኦቨር (ከሌላ የጡረታ ሂሳብ የሚዛወር ገንዘብ) የሚቀበል ከሆነ 63,000ውን ከነትርፉ ወደዚያ አስገቢው፤ 401ኬ በስሌቱ አይቆጠርም። የሚታየው ባዞርሽበት ዓመት የዲሴምበር 31 ቀሪ ሂሳብ ነው። ወረቀቱ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ለዲሴምበር አታቆዪው። ቼክ የሚላክ ከሆነም በአንቺ ስም ሳይሆን በአዲሱ ፕላን ስም ይጻፍ።

ከዚያ 7,000ውን አስገቢ (ለ2025፤ 50 ዓመት ከሞላሽ 8,000)፣ ምንም ሳትገዢበት በጥሬው አቆዪው፣ ገንዘቡ እንደተለቀቀ ወደ ሮት አዙሪው። በመሃል ጥቂት ወለድ ካገኘ ታክሱ በወለዱ ላይ ብቻ ነው። ስታዞሪ ታክስ ይቀነስ ወይ ተብለሽ ከተጠየቅሽ፣ አይቀነስ በዪ። የተቀነሰው ሮት ውስጥ ስለማይገባ እንዳወጣሽው ይቆጠራል፤ ዕድሜሽ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ከሆነ ደግሞ ከእሱ ታክስ ባለበት ክፍል ላይ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ፋይል ሲያደርግ ነው። የሚደርስሽ 1099-አር (ከአይአርኤ የወጣውን ገንዘብ የሚያሳይ የታክስ ወረቀት) አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን 7,000 ታክስ እንዳለበት አድርጎ ያሳያል። ታክስ የተከፈለበት መሆኑን የሚናገርልሽ ፎርም 8606 ብቻ ነው፤ ክፍል 1 ላይ ያስገባሽው፣ ክፍል 2 ላይ ያዞርሽው ይሞላል። ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ከዘለለው ሁለት ጊዜ ትከፍያለሽ። የ2025 መዋጮ ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15፣ 2026 ነው፤ በ2026 ካዞርሽው ግን ክፍል 2 የሚሞላው በ2026ቱ ፎርም ላይ ነው።

ከ2018 ወዲህ አንዴ ወደ ሮት የዞረ ገንዘብ አይመለስም። 63,000ው 401ኬ ውስጥ ገብቶ የዚያኛው አይአርኤ ቀሪ ዜሮ መሆኑን በዓይንሽ ሳታዪ አታዙሪ።