የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» መጨረሻ፦ እስካሁን ስለሚያከራክረን ሲዝን ጥያቄና መልስ

ስለዚህ የኤችቢኦ ተከታታይ ድራማ ስምንተኛና የመጨረሻ ሲዝን፣ በተለይም ስለ መጨረሻው ክፍል የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ገና አይቶ ያልጨረሰ ካለ ከዚህ በታች ባያነብ ይሻለዋል፤ ማን እንደሞተና ማን እንደነገሠ ሳይደበቅ ይወራል።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያ ቀኑን አስተካክልልን። አንዱ «2011 ነው» ይላል፣ ሌላው «2019»።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። በአሜሪካ የተላለፈው እሑድ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 19 ቀን 2019። እኛ ዘንድ ሰዓቱ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። የሚያደናግረው ተከታታዩ የጀመረበት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 2011 መሆኑ ነው። በእነሱ 2011 ጀምሮ በእኛ 2011 አለቀ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሰው ሁሉ «አበላሹት» ሲል ሰምቼ ፈርቼ ነበር፣ ግን ያን ያህል አልከፋኝም። ምን አገኘሁ ብሎ ነው እንዲህ የሚናደደው?

መልስ፦ ንዴቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሲወራ ግን ይቀላቀላል። አንዱ የሆነው ነገር ራሱ ያናደደው ሰው አለ፦ ዴኔሪስ ከተማ ማቃጠሏ፣ ጆን እሷን መግደሉ፣ ብራን መንገሡ። ሌላው ግን በሆነው ነገር አይጣላም፤ እዚያ የተደረሰበት ፍጥነት ነው ያናደደው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ።

ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው እያንዳንዱ ሲዝን 10 ክፍል ነበረው። ሰባተኛው 7፣ ስምንተኛው 6 ብቻ ሆነ። ድምሩ 73 ነው። ታሪኩ ሊቋጭ ሲል፣ ብዙ ክር መያያዝ ባለበት ሰዓት፣ ጊዜው አጠረ። በየሳምንቱ ሲከታተል የነበረው ሰው ደግሞ ሰባተኛው ሲዝን ነሐሴ 2017 ካለቀ በኋላ እስከ ሚያዝያ 2019 ጠብቋል። ያን ሁሉ ጊዜ በመላ ምት ያሳለፈ ሰውና አንተ እኩል ብትናደዱ ነበር የሚገርመኝ።

ጥያቄ፦ ክፍሎቹ እኮ ረጃጅም ናቸው። 80 ደቂቃ የደረሰ አለ። አያካክስም?

መልስ፦ አያካክስም። ስድስቱ ክፍሎች ሲደመሩ 430 ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ የድሮው ባለ 10 ክፍል ሲዝን ወደ 550 ይጠጋል። ከዚያ ውስጥ 82 ደቂቃ የሚፈጀው ሦስተኛው ክፍል ከሞላ ጎደል ውጊያ ብቻ ነው፣ የአምስተኛውም አብዛኛው እሳትና ፍርስራሽ ነው። የቀረው ጊዜ ላይ የተጫነውን ለማየት አራተኛውን ክፍል ውሰድ፦ የሙታን ቃጠሎ፣ ግብዣ፣ የጄንድሪ ሹመት፣ የጄሚና የብሬን ነገር፣ የጆን ምስጢር መውጣት፣ ወደ ደቡብ ጉዞ፣ የዴኔሪስ ድራጎን የሬጋል መገደል፣ የወዳጇ የሚሳንዴ መያዝ፣ የሚሳንዴ መሞት። በድሮው አካሄድ ይህ የአራት ክፍል ሥራ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የጆን ምስጢር ነው። እናቱ ማን ናት የሚለው ጥያቄ ከአንደኛው ሲዝን ጀምሮ ተሸክመነው የመጣነው ነው። ሳንሳና አርያ እውነቱን ሊሰሙ ከዛፉ ሥር ሲቆሙ፣ ጆን ብራንን «ንገራቸው» ይለዋል፣ ካሜራው ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደሆነ አላየንም።

ጥያቄ፦ ካሊሲ፣ ማለትም ዴኔሪስ፣ ድንገት አበደች። ይሄን ማንም አያሳምነኝም። ስንት ዓመት ባሪያ ነፃ ያወጣች ሴት!

መልስ፦ ድንገት ነው በሚለው አልስማማም፣ በደንብ አልተሠራም በሚለው እስማማለሁ።

ወንድሟ ቪሴሪስ የቀለጠ ወርቅ ራሱ ላይ ሲፈስበት ዓይኗን ሳትነቅል አይታለች። በሚሪን ከተማ 163 የባሪያ ጌቶችን አሰቅላለች፤ ለተሰቀሉት 163 ሕፃናት አጸፋ መሆኑ ነው፣ ግን ማን ጥፋተኛ ማን ንጹሕ እንደሆነ አልለየችም። በአምስተኛው ሲዝን አንዱን መኳንንት ለድራጎኖቿ አስበልታለች፣ በሰባተኛው ታርሊዎችን አባትና ልጅ አቃጥላለች። ዘሩ ተዘርቷል።

ችግሩ ያን ሁሉ ስታደርግ ሙዚቃውም ካሜራውም ከእሷ ጎን መቆሙ ነው። አጨብጭቡ ተባልን፣ አጨበጨብን። የሚቃጠለውም ባሪያ ፈንጋይ ወይ ጠላት ስለነበር ማንም አላዘነለትም። ከ«ጥፋተኛን በጭካኔ መቅጣት» ወደ «እጁን የሰጠ ሕዝብ መፍጀት» ለመሻገር መካከል ላይ ደረጃ ያስፈልግ ነበር፤ ንጹሕ ሰው ጎድታ ለራሷ ምክንያት የሰጠችበት፣ እኛም ያፈርንበት አንድ ቦታ። እሱ የለም። በምትኩ ጆራ፣ ሬጋልና ሚሳንዴ በሁለት ተከታታይ ክፍሎች ውስጥ ሞቱባት፣ በሚቀጥለው ክፍል ቫሪስ ከዳት፣ ጆን ፍቅሯን ገፋት፣ ከዚያ ከተማዋ እጅ መስጠቷን የሚያበስረው ደወል ተደወለ።

ደወሉ ሲደወል ካሜራው ጥቂት ሰከንድ ፊቷ ላይ ይቆያል። ድራጎኑን ካስነሳች በኋላ ግን እስከ ክፍሉ መጨረሻ ፊቷን አናየውም፣ ሁሉም ከመሬት ሆኖ ነው የሚታየው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ሳፖችኒክ ከሕዝቡ ጋር እንድንሆን ፈልጎ ነው፣ እንደ አሠራርም ድንቅ ነው። ግን ሰው «ለምን?» ብሎ በሚጠይቅበት ሰዓት መልሱ ያለበትን ፊት ወሰደብን። ክፍሉን የሚወዱትም የሚጠሉትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በአሜሪካ በ2018 ብቻ ከ500 በላይ ሴት ልጆች «ካሊሲ» ተብለው ስም እንደወጣላቸው አስብ፤ የእነዚያ ወላጆች ያን ምሽት ምን እንዳሉ እንጃ።

ጥያቄ፦ ዘሩ ተዘርቷል ካልክ፣ ሁሉንም ሳልደግም የትኞቹን ክፍሎች ልይ?

መልስ፦ ሰባት ይበቁሃል። ሲዝን 1 ክፍል 6፤ ሲዝን 2 ክፍል 10፣ ጣሪያው የፈረሰው የዙፋን አዳራሽ ራእይ ያለበት፤ ሲዝን 3 ክፍል 4፤ ሲዝን 4 ክፍል 4፤ ሲዝን 5 ክፍል 5፤ ሲዝን 6 ክፍል 4፤ ሲዝን 7 ክፍል 5። የሲዝን 3ን ክፍል 4 ስታይ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ አንዴ በድምፅ፣ አንዴ ያለ ድምፅ እየው። ያለ ሙዚቃ ሌላ ፊልም ነው።

ጥያቄ፦ ብራን ለምን? ወንበር ላይ ተቀምጦ አየር ሲያይ ከርሞ!

መልስ፦ ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው፣ ከዴኔሪስም ይበልጣል። ልጁ አምስተኛው ሲዝን ላይ ጭራሽ የለም። በሰባተኛው ሲዝን ሳንሳ ዊንተርፌል ያንተ ነው ስትለው የምንም ጌታ መሆን እንደማይችል ራሱ ተናግሯል። በመጨረሻው ክፍል ግን ንግሥናውን ትቀበላለህ ወይ ሲባል፣ «ይህን ሁሉ መንገድ ለምን የመጣሁ ይመስልሃል?» ዓይነት መልስ ይሰጣል። ያውቅ ከነበረ ከተማዋ ስትቃጠል ዝም አለ ማለት ነው። የማያውቅ ከሆነ መልሱ ትርጉም የለውም። ተከታታዩ አንዱንም አይመርጥም።

ሐሳቡን ያቀረበው ቲሪየን ደግሞ እጁ በሰንሰለት የታሰረ እስረኛ ነው። ከብራን የተሻለ ታሪክ ያለው ማን ነው አለ፤ አጠገቡ አርያ ተቀምጣለች! ይሁንና ብራንን ያጫወተው አይዛክ ሄምፕስቴድ ራይት፣ የብራን ንግሥና ከደራሲው ከጆርጅ አር. አር. ማርቲን የመጣ መሆኑን አዘጋጆቹ እንደነገሩት ተናግሯል። ስለዚህ ሐሳቡ የተፈጠረው በመጨረሻ ሰዓት አይደለም። ያልተሠራው ዝግጅቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሳንሳ ሰሜኑን ገንጥላ ስትወስድ ሌሎቹ ለምን ዝም አሉ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በተለይ የአይረን ደሴቶች መሪ ያራ። በስድስተኛው ሲዝን ክፍል 9 ላይ ለአይረን ደሴቶች ነፃነት ከዴኔሪስ ጋር ተዋውላለች፣ መርከቦቿንም የሰጠችው ለዚያ ነው። ብራን በተመረጠበት ጉባኤ ላይ ግን ሰሜኑ ነፃ ሲወጣ እሷ «እሺ» ብላ ለብራን ትገዛለች። የዶርን ልዑል ስም እንኳ አልተሰጠውም። ሳንሳ ንግሥት መሆኗ ራሱ ከሁሉ በተሻለ የተዘጋጀው መጨረሻ ነው፣ ስምንት ሲዝን ሙሉ ተሠርቷል፤ የቀረው የሁለት ደቂቃ ክርክር ነበር።

ጥያቄ፦ የሙታኑን ጦር መሪ ናይት ኪንግን መግደል የነበረበት ጆን አልነበረም?

መልስ፦ ጆን ቢገድለው ሁሉም የጠበቀው ይሆን ነበር። አርያ የገደለችበት ጩቤ የመጣበት መንገድም ግልጽ ነው፦ ሲዝን 1 ላይ ብራንን ሊገድል የመጣው ሰው የያዘው ጩቤ፣ ሲዝን 7 ክፍል 4 ላይ ከሊትልፊንገር ለብራን፣ ከብራን ለአርያ። ቅሬታ ካለኝ በናይት ኪንግ ላይ ነው፤ ምን ፈልጎ እንደመጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነግሮን ሞተ።

ጥያቄ፦ ያንን ሦስተኛ ክፍል አይቼዋለሁ ማለት ይከብደኛል፣ ጨለማ ብቻ ነው። የቴሌቪዥኔ ችግር ነው?

መልስ፦ ሦስቱም፦ ቀረጻው፣ ፋይሉ፣ ቴሌቪዥኑ። 55 ሌሊት የተቀረጸ ነው፣ የካሜራ ኃላፊው ፋቢያን ዋግነርም ጨለማው ሆን ተብሎ እንደተሠራ ተከራክሯል። ግን ጨለማ ምስል ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው። በፍላሽ የሚዞረው 400 ሜጋባይት ቅጂ ለ82 ደቂቃ ሲካፈል በሰከንድ 0.65 ሜጋቢት ብቻ ይደርሰዋል፤ በዚያ መጠን ጭጋጉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፣ ምንም ብታስተካክል አይድንም። የተሻለ ቅጂ ፈልግ።

ቅጂው ጥሩ ከሆነ፦ የክፍሉን መብራት አጥፋ፣ መጋረጃ ዝጋ። የምስል ምርጫውን «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» አድርግ። ኃይል ቆጣቢውንና እንደ ክፍሉ ብርሃን ራሱን የሚቀንሰውን አጥፋ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ዳይናሚክ ኮንትራስትንም አጥፋ። ከዚያ «ባክላይት» የሚለውን ጨምር። «ብራይትነስ» የሚለውን አትንካ፤ እሱን ስትጨምር ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ሰው አይታይህም።

ጥያቄ፦ የቡናው ስኒ ነገር እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ አራተኛው ክፍል፣ ዊንተርፌል ግብዣ ላይ፣ ዴኔሪስ ፊት። ኤችቢኦ በኋላ በኮምፒውተር አጥፍቶታል፣ አሁን ብትፈልገው አታገኘውም። የመጨረሻው ክፍል ጉባኤ ላይ ደግሞ ከሳምዌል እግር ጀርባ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ነበር። የሚያስቅ ነው፣ ግን የሲዝኑ ችግር ይሄ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለምን ቸኮሉ? ገንዘብ አልቆባቸው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኤችቢኦ ተጨማሪ ክፍሎችና ሲዝኖች ለማሠራት ፈቃደኛ ነበር፣ ማርቲንም እንዲረዝም ይፈልግ ነበር። አዘጋጆቹ ዴቪድ ቤኒኦፍና ዲ. ቢ. ዋይስ ታሪኩ 70 ሰዓት አካባቢ ነው ብለው ቀድመው ወስነዋል። በየካቲት 2018 ደግሞ የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞችን እንደሚሠሩ ተነገረ፣ ተመልካቹም «ወደዚያ ለመሄድ ቸኮሉ» አለ። በጥቅምት 2019 ከዚያ ሥራ ወጡ።

መጽሐፉም አልቆባቸዋል። አምስተኛው መጽሐፍ የታተመው ሐምሌ 2011 ነው፣ ስድስተኛው አልወጣም። ማርቲን ለተከታታዩ ራሱ የጻፈው የመጨረሻ ክፍል የአራተኛው ሲዝን ሁለተኛ ክፍል ነው። በ2013 ለአዘጋጆቹ ዋና ዋና መድረሻዎቹን ነግሯቸዋል። መድረሻውን ማወቅና በመካከል ያለውን ሺህ ገጽ መያዝ ግን ይለያያል፤ የሰባተኛውና የስምንተኛው ሲዝን ንግግር ከአራተኛው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ይሄን ያህል መጥፎ ከሆነ የኤሚ ሽልማት እንዴት ወሰደ?

መልስ፦ ለስምንተኛው ሲዝን 32 ዕጩነት አገኘ፤ ለአንድ ሲዝን ክብረ ወሰን ነበር። 12 ወሰደ፣ ምርጥ ድራማ ጭምር፣ ፒተር ዲንክሌጅም አራተኛውን። ዝርዝሩን ብታይ ግን አብዛኛው የእጅ ሥራ ነው፦ ድምፅ፣ ምስል፣ አልባሳት፣ ሙዚቃ። የመጨረሻው ክፍል ለጽሑፍ ታጭቶ ተሸንፏል። እዚህ ላይ የሽልማቱ ዳኞችና ተመልካቹ ብዙም አልተጣሉም።

ጥያቄ፦ እንደገና ይሠራ የተባለው ፊርማስ የት ደረሰ?

መልስ፦ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ፣ የትም አልደረሰም። በመጨረሻው ምሽት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከድግግሞሹና ከኢንተርኔት ጋር 19.3 ሚሊዮን ሰው ማየቱን አስታውስ፤ ተናደደም ተደሰተም ሁሉም አይቶታል። ነጥብ ሲሰጥ ግን የመጨረሻው ክፍል በፊልም ድረ ገጹ አይኤምዲቢ ላይ ከ10 ያገኘው 4 ገደማ ነው፣ የስድስተኛው ሲዝን የባስታርዶቹ ጦርነት 9.9 ሆኖ ሳለ። ቁጣ ያለበት ሰው 1 ሰጥቶ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ 4ን እንደ ጥራት መለኪያ አትውሰደው።

ጥያቄ፦ ከስምንተኛው ሲዝን የምትወደው አለ?

መልስ፦ ሁለተኛው ክፍል። ብራያን ኮግማን የጻፈው፣ ከጦርነቱ በፊት ባለው ሌሊት ሰዎች እሳት ዳር የሚጨዋወቱበት። ጄሚ ብሬንን ባላባት አድርጎ ሲሾማት የሚተካከለው ትዕይንት በቀሩት አራት ክፍሎች የለም። ከመጨረሻው ክፍል ደግሞ ብሬን በንጉሡ ዘቦች መጽሐፍ ላይ የጄሚን ታሪክ ጽፋ የምትሞላበትና የራሚን ጃዋዲ ሙዚቃ።

ጥያቄ፦ «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን»ን ልጀምር ወይስ እንደገና ያቃጥለኛል?

መልስ፦ ጀምር። ታሪኩ ዴኔሪስ ከመወለዷ 170 ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ የስምንተኛው ሲዝን መጨረሻ አይነካውም። ምንጩ የሆነው መጽሐፍም ተከታታዩ የሚተርከውን ጦርነት መቋጫ ጨምሮ በ2018 ታትሟል፣ ስለዚህ አዘጋጆቹ በዚህ በኩል «መጽሐፍ አለቀብን» ማለት አይችሉም። አንደኛው ሲዝን መካከል ላይ ዓመታት ስለሚዘል ዋናዎቹ ሁለት ተዋናዮች ይቀየራሉ፤ ስድስተኛው ክፍል ላይ ሰው ቢጠፋብህ ፋይሉ ተሳስቶ አይደለም።