የፓንዳ ተክል ቅጠሎች ለምን ይረግፋሉ? ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ወራት በፊት ስለገዙት፣ ቅጠሉ እንደ ከፋይ ስለሚለሰልሰው ተክልዎ ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የታችኞቹ ቅጠሎች ውሃ ቋጥረው እየላሉ መርገፍ እንደጀመሩ፣ በላይኞቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እንደታየ፣ የቅጠሎቹ ጫፍም ዙሪያውን እንደጠቆረ ገልጸዋል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ውሃ እንደሚያጠጡት፣ አቧራ እንዳይዘውም በየማለዳው በመርጫ ጠርሙስ እንደሚያርሱት፣ የተተከለውም ቀዳዳ በሌለው የሴራሚክ ዕቃ ሆኖ ከመስኮት ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ጽፈዋል። ይህንን ተክል ላለፉት 11 ዓመታት ሳሳድግ ከእነዚህ ስሕተቶች አብዛኛዎቹን እኔም ስለሠራሁ፣ ያየሁትንና የተማርኩትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት።

በመጀመሪያ አንዱን ሥጋትዎን ላንሳልዎት። በቅጠሉ ጫፍ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ቡናማ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዝ በሽታ ሳይሆን የተክሉ ተፈጥሯዊ መልክ ነው፤ የፓንዳ ተክል የሚለውን የተለመደ ስም ያገኘውም ከዚህ ጠርዝና ከግራጫው ጸጉር የተነሣ ነው። ብርሃን በበዛለት መጠን ጠርዙ እየደመቀ ይሄዳል፣ ብርሃን ሲያጣ ደግሞ ይደበዝዛል። ሊያሳስብዎት የሚገባው በቅጠሉ መሀል ላይ የተበተነው ነጠብጣብና፣ ከዚያም በላይ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች መላላት ነው።

የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ካላንቾ ቶሜንቶሳ ሲሆን የትውልድ ቦታው ማዳጋስካር ነው። ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ጊልበርት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1882 ነበር፤ ቶሜንቶሳ የሚለው የላቲን ቃልም በጥቅጥቅ ለስላሳ ጸጉር የተሸፈነ ማለት ነው። በትውልድ ቦታው ውሃ የማይቋጥር ድንጋያማ መሬት ላይ ስለሚበቅል፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚያገኘውን ውሃ በወፍራም ቅጠሎቹ አጠራቅሞ ለረጅም ጊዜ ይኖራል። ጸጉሩም ጌጥ ብቻ አይደለም። ብርቱ የፀሐይ ብርሃንን ይመልሳል፤ በቅጠሉ ገጽ ላይም የማይነቃነቅ ስስ የአየር ሽፋን አቅፎ በመያዝ ነፋስ የቅጠሉን እርጥበት እንዳይወስድ ያደርጋል። ቅጠሉ አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ ቀን በሙቀት ሰዓት ዘግቶ በአብዛኛው ሌሊት ይከፍታል። እንግዲህ መላ አካሉ ውሃን ለመቆጠብ የተሠራን ተክል በየማለዳው ማርጠብ ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ይጎዳዋል።

የጉዳቱን መንገድ በቅርብ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ተክሌ ላይ ውሃ ረጭቼ ቅጠሉን በአጉሊ መነጽር ስመለከት፣ ጠብታዎቹ ልሙጥ ቅጠል ላይ እንደሚሆነው ተንሸራተው አልወረዱም፤ ጸጉሮቹ ጫፍ ላይ እንደ ትናንሽ ዶቃ ተንጠልጥለው ቆዩ፣ ከፊሎቹም ወደ ውስጥ ሰርገው ጸጉሩን እርስ በርሱ አጣበቁት። በማግስቱ ጠዋት ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ገና አልደረቀም ነበር። እንዲህ ያለ እርጥበት ለሻጋታና ለመበስበስ ምቹ ነው፤ ሲደርቅም በውሃው ውስጥ የነበረው ማዕድን ጸጉሩ ላይ ቀርቶ ነጠብጣብ ይሆናል። ነጠብጣቡን በጨርቅ ለመጥረግ መሞከር ደግሞ ሌላ ጥፋት ያስከትላል፤ ባደገ ቅጠል ላይ አንዴ የተሰበረ ጸጉር ተመልሶ አይበቅልምና ያ ቦታ እስከ መጨረሻው ራቁቱን ይቀራል። አቧራውን በለስላሳና በደረቅ የሥዕል ብሩሽ፣ ከቅጠሉ ሥር ወደ ጫፉ አቅጣጫ በቀስታ ቢጠርጉት ይበቃል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ቅጠሎቹ የሚረግፉት በእኔ ግምት ከሥሩ መታፈን የተነሣ ነው። ቀዳዳ በሌለው ዕቃ በየሳምንቱ የሚጨመር ውሃ መውጫ ስለሌለው ታች ይጠራቀማል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውሃ ተከቦ እያለ የተጠማ ይመስላል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ተሳስቶ ውሃ ይጨምራል። ልዩነቱን የሚነግርዎት ጣትዎ ነው። የተጠማ ተክል የታች ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይጨማደዳል፣ ሲያጥፉትም እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ውሃ የበዛበት ቅጠል ግን አብጦ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት ቢጫ ይሆናል፣ ሲጫኑት ይጨፈለቃል፣ በትንሽ ንክኪም ይረግፋል። እርስዎ የገለጹት ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ተክሉን ከዕቃው ያውጡት። እርጥቡን አፈር በእጅዎ አራግፈው ሥሩን ይመልከቱ፤ ጤናማ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ሲሆን የበሰበሰው ግን ጠቁሮ ይሸታል፣ ሲስቡትም ቅርፊቱ በእጅዎ ይቀራል። የተበላሸው ሥሩ ብቻ ከሆነ እሱን ቆርጠው በማስወገድ ተክሉን ጥላ ባለበት ቦታ ለጥቂት ቀናት አድርቀው በደረቅ አፈር ይትከሉት። ብስባሴው ግንዱ ላይ ወጥቶ ከሆነ ግን ርኅራኄ አያስፈልግም፤ በአልኮል በተጠረገ ቢላዋ ከላይ ጤናማ ከሆነው ቦታ ይቁረጡት። የተቆረጠው ገጽ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ እንኳ ብትታይ እንደገና ትንሽ ከፍ ብለው ይቁረጡ፤ መቆም ያለብዎት ገጹ ወጥ በሆነ አረንጓዴና ነጣ ያለ ቀለም ሲታይ ብቻ ነው። ከሁለተኛው ተክሌ ግንድ አንዷን ነጥብ ምንም አታደርግም ብዬ ትቻት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁራጩ በሙሉ ጠቁሮ በጣም አዝኜ ነበር። ቁራጩን ለአንድ ሳምንት ያህል በደረቅ ቦታ አቆይተው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ይትከሉት፤ ከዚያም ሌላ አንድ ሳምንት ሳያጠጡ ይታገሡ።

ጤናማ ሆነው የወደቁ ቅጠሎች ካሉ አይጣሉ። ከግንዱ ጋር የሚገናኘው ጫፋቸው ሳይቀደድ የወጣ ከሆነ፣ ለጥቂት ቀናት አድርቀው በደረቅ አፈር ላይ ቢያጋድሟቸው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣሉ። ከዚያም እንደ ምስር ፍሬ የምታህል ጸጉራም ቡቃያ ብቅ ትላለች። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህንን ቅጽበት ነው።

አዲሱ ዕቃ ከታች ቀዳዳ ያለው፣ ቢቻል ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ይሁን፤ ሸክላ በጎኑም እርጥበት ያተናል። መጠኑ ከሥሩ ስፋት እምብዛም አይብለጥ፤ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቆያልና። ለአፈሩ እኔ የምጠቀመው አንድ እጅ የተዘጋጀ የአበባ አፈር ከሁለት እጅ ፐርላይት ወይም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ቀላቅዬ ነው፤ እነዚህ ከሌሉ የታጠበ ሻካራ አሸዋም ይሠራል። በዕቃው ታች ጠጠር ማንጠፍ ውሃን ያጣራል የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል፣ እኔ ግን አልቀበለውም። ደቃቅ አፈር ሙሉ በሙሉ ውሃ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አሳልፎ አይሰጥም፤ በመሆኑም ጠጠሩ እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ውሃን በተመለከተ የቅዳሜውን ልማድ እንዲተዉት አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ፤ የተክሉ ፍላጎት ከሙቀቱና ከብርሃኑ ጋር ይለዋወጣል እንጂ በሳምንቱ ቀን አይወሰንም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስከ ዕቃው ታች ሰክተው ሲያወጡት ምንም እርጥብ አፈር ካልያዘና የታችኛው ቅጠል በትንሹ ለስለስ ካለ፣ ያኔ ቅጠሉን ሳይነኩ አፈሩ ላይ ብቻ ከቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ያጠጡት፤ በሥሩ ሳህን የተጠራቀመውንም ይድፉት። እኔ ዘንድ ይህ በሞቃት ወራት በየ10 እስከ 15 ቀን፣ በቀዝቃዛ ወራት ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ይሆናል፤ የእርስዎ ግን ሊለይ ይችላል። የቤቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድም ይጠንቀቁ። ማዳበሪያ በእድገት ወራት በግማሽ ጥንካሬ በየሁለት ወሩ ቢሰጡት በቂ ነው።

መደርደሪያው ለተክልዎ ጨለማ ነው። ብርሃን ያጣ ተክል በቅጠሎቹ መካከል ያለው ግንድ እየረዘመ ይሄዳል፤ አንዴ የተመዘዘ ግንድም ተመልሶ አያጥርም። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ተስማሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ከጥላ የወጣ ቅጠል በድንገት ብርቱ ፀሐይ ቢያገኘው ስለሚቃጠል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ መስኮቱ ያስጠጉት።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ይመርምሩ። በቅጠሉ ብብት ውስጥ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ ጸጉር ነው ብለው አይለፉት፤ ሚሊባግ የሚባለው ነፍሳት ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ተክል ላይም ነጭ በነጭ ስለሚሆን ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ጸጉሩ ወጥ ሆኖ ይተኛል፤ ሚሊባግ ግን እብጥ ያለ ነው፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ሲነኩትም እንደ ሰም ይዘረጋል። በ70 ፐርሰንት አልኮል የተነከረ የጆሮ ጥጥ ጫፍ እያስነኩ አንድ በአንድ ያስወግዱት፤ አስቀድመው ግን በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ። በዘይት የተሠሩ መርጫዎችን ጸጉሩ ላይ አይጠቀሙ።

ፎቶው ላይ ድመት ስላየሁ ይህንንም ልጨምር፦ የካላንቾ ዝርያዎች ልብን የሚጎዳ መርዝ ስላላቸው ለድመትና ለውሻ አደገኛ ናቸው፣ ቢበሉት ያስታውካቸዋል፣ ብዙ ከሆነም የልብ ምታቸውን ያዛባል። አዲሱ መስኮት ድመቷ የማትደርስበት እንዲሆን ያስቡበት። ሥሩን አውጥተው ከተመለከቱ በኋላ ፎቶውን እዚሁ ቢለጥፉልን፣ መቁረጥ ካስፈለገ ከየት ላይ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።