ወለሉ 40 ሺህ አመት፣ ግድግዳውስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ልናይ ወጣን፣ ስዕሎቹ ደብዝዘው አልታይ ሲሉን ለፎቶ እንዲደምቁ ከሃይላንድ ውሃ ረጨት ረጨት ስናደርግባቸው እውነትም ቀዩ ወጣ። በኋላ ሳነብ እዛ ዋሻ ውስጥ የ40 ሺህ አመት ቀለም ተገኝቷል ይላል። ታዲያ ስዕሉም 40 ሺህ አመቱ ነው? ደግሞ ይሄን ነገር ላጥና ብል ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሰላም የድሬ ልጅ። ከውሃው ልጀምር፣ እሱ አይቆይማ። ሁለተኛ እንዳታደርጉት እባክህ፣ ለጓደኞችህም ንገራቸው። ቀዩ የሚወጣው ለደቂቃ ነው፣ ውሃው ግን ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞት ይወጣና ሲደርቅ ነጭ ሽፋን ሆኖ ስዕሉ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዴም ቀለሙን ልጦ ያነሳዋል። ስዕሉን ሳትነካ በደንብ ፎቶ አንሳና ዲ-ስትሬች በሚባለው ሶፍትዌር ቀለሙን አጉላው፣ በአይን ጨርሶ የማይታይ ስዕል ሁሉ ያወጣልሃል።

ወደ እድሜው ስንመጣ፣ 40 ሺህ አመቱ ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር የለንም። ያ ቀለም የተገኘው ወለሉ ተቆፍሮ ነው። ከ4 ሺህ በላይ ቁራጭ ቀይ አፈር፣ ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዱ ተፍቆ ተፈጭቶ፣ የሚፈጩበት ድንጋይ ሳይቀር አብሮ ወጥቷል። ግን ቀይ አፈር ለስዕል ብቻ ነው ያለው ማነው? የሐመር ሴቶች ዛሬም ከቅቤ ጋር ለውሰው ጸጉራቸውን ይቀቡታል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም ደግሞ የብረት ማዕድን ስለሆነ በካርቦን 14 እድሜውን ለመለካት የሚሆን፣ ከእንስሳ ወይ ከተክል የመጣ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። ወለሉና ግድግዳው አንድ ዋሻ ውስጥ ስላሉ ብቻ የአንድ ዘመን ሰው ስራ ናቸው ማለት አይቻልም፣ አንተ የቆምክበትም ወለል ላይ እኮ ፌስታልና የሲጋራ ቁራጭ አይጠፋም።

ለዚህ ነው ስዕል ብቻውን አይጠናም የምለው። እዛው እናንተ አካባቢ ያለውን ለጋ ኦዳ የሚባል ስዕል ያለበት የድንጋይ መጠለያ ውሰድ፣ በኦሮምኛ የኦዳ ወንዝ ማለት ነው፣ ስሙ ራሱ ውሃና ዛፍ እንዳለ ይነግርሃል። ግድግዳው ላይ ሻኛ የሌላቸው ከብቶች ተስለዋል። የቤት ከብት ወደኛ አካባቢ የገባው ባለፉት ጥቂት ሺህ አመታት ውስጥ ስለሆነ እነዛ ከብቶች ከዛ በላይ ሊያረጁ አይችሉም፣ ወለሉ ግን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርኪዮሎጂስቱ ዴዝሞንድ ክላርክ ሲቆፍረው ከዛ እጅግ የሚቀድሙ ዘመናት የድንጋይ መሳሪያም ሰጥቷል።

ዲላ አካባቢ ያለው ሼፔ ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። እዛ ቀለም የለም፣ ላሞቹ ድንጋዩ ተፈልፍሎ ነው የወጡት፣ ሻኛ የላቸውም፣ ጡታቸው ግን በወተት የተወጠረ ይመስላል፣ ወንዙ በሚያልፍበት ገደል ግድግዳ ላይ መንጋ ሆነው ቆመዋል። ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው "ላም ነው" ብሎ ያልፋል። ቦታው ላይ የቆመ ሰው ግን ውሃውን ይሰማል፣ ከብት በየት በኩል ወርዶ ሊጠጣ እንደሚችል ያያል፣ ለምን ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚህ ተቀረጸ ብሎ ይጠይቃል፣ ጥናቱ የሚጀምረውም እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

እና አንተም ስትመለስ መጀመሪያ ጀርባህን ለስዕሉ ሰጥተህ ወደ ውጭ እይ። ፖርክ ኤፒክ ከደቻቱ ወንዝ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ከዛ ላይ ምን ይታያል፣ ውሃ ለመቅዳት ስንት ደቂቃ ትወርዳለህ፣ መሳሪያ የሚጠረብበት ባልጩት በቅርብ አለ ወይ፣ ስንት ሰው ከዝናብ ያስጠልላል፣ ስዕሉ የተሳለው ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ነው ወይስ ጥጉ ላይ? ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈው። እዛ አካባቢ ከብት የሚያግዱ ሽማግሌዎችን አነጋግር፣ በየትኛው ወር ውሃው የት እንደሚቀር እነሱ ናቸው የሚያውቁት። የተጠረበ ባልጩት ካየህ ፎቶ አንስተህ እዛው ተወው፣ ለመቆፈርም ሆነ ለመልቀም ከቅርስ ባለስልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ላክልኝ፣ በተለይ ውሃው ከመረጨቱ በፊት የተነሳ ካለ እንዳታጠፋው፣ ከአመት በኋላ ስዕሉ ምን ያህል እንደተጎዳ ማወዳደር የምንችለው በሱ ነው።