ለእጮኛህ አባት የጭስ ውስኪ ልትወስድ ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሚቀጥለው ወር ከሜሪላንድ ወደ አዲስ አበባ ሄደህ የእጮኛህን አባት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትተዋወቃቸው፣ እሳቸው ለዓመታት የጆኒ ዎከርን ብላክ ሌብል በአምቦ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሰው እንደሆኑ፣ አንተ ደግሞ «ከዚያ የተሻለ»፣ ጠንከር ያለ የጭስ ጠረን ያለው ሲንግል ሞልት (ከአንድ ማምረቻ ብቻ የሚወጣ የብቅል ውስኪ) ገዝተህ አጠጣጡንም ልታሳያቸው እንዳሰብክ ገልጸህ የትኛው ጠርሙስ እንደሚሻል ጠይቀሃል። እኔም ከሰባት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ ይዤ ከቨርጂኒያ ተነሥቼ ነበር። በአንድ ምሽት የሠራሁትን ጥፋት ለማቃናት አንድ ዓመት ስለ ፈጀብኝ፣ የጠርሙስ ስም ብቻ ጽፌልህ ማለፍ አልቻልኩም።

አንደኛ፣ ብላክ ሌብልን ዝቅ አድርገህ አትነሣ። በስኮትላንድ ውስኪ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ በጠርሙሱ ውስጥ ከተቀላቀሉት ሁሉ ትንሹን ዕድሜ የሚያመለክት ስለሆነ፣ ብላክ ሌብል ውስጥ ከ12 ዓመት በታች በርሜል ውስጥ የቆየ ውስኪ የለም። ከሚቀላቀሉት መካከል ደግሞ በስኮትላንዷ አይላ ደሴት የሚጠመቀው ጭሳማው ኮል ኢላ ስላለበት ቀለል ያለ ጭስ አለው። ስለዚህ የእጮኛህ አባት ጭሱን ያውቁታል፤ የለመዱት ግን ለስላሳውን ነው። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። በአየር ማረፊያ ሱቅ ውስጥ ለሻጩ «ብላክ ሌብል ለሚወድ ትልቅ ሰው የሚሆን ምን አለ?» ብዬ ስጠይቀው፣ ያ የጀማሪ መጠጥ እንደሆነ በንቀት ነግሮኝ ከመደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ጭሱ የበረታውን ሰጠኝ። ለቅምሻ የተከፈተ ጠርሙስ ከፊቱ እያለ አንዲት ጠብታ እንኳ አላቀመሰኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በአንደበቴ ያልቀመስኩትን ነገር ለትልቅ ሰው ይዤ መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛ፣ በረራህ ቀጥታ ካልሆነ ሱቁ ያሸገልህን ከረጢት በመንገድ ላይ አትክፈት። እኔ ሁለት ጠርሙስ ነበር የገዛሁት፤ አንዱ ያ የጭሱ ሲሆን፣ ሌላው ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል የቆየ፣ ዘቢብና የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ የሚሸት ውስኪ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለተኛውን ለአጠገቤ ተሳፋሪ ላሳይ ብዬ የእሱን ከረጢት ቀደድኩት። አውሮፓ ውስጥ ስንሸጋገር ፈታሹ ያንን ጠርሙስ ከእጄ ወስዶ ደረሰኙን ሳያነብ ወደ ማስወገጃው ጣለው። ሕጉ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ ሲጥሉ ቀና ብሎ ፊቱን አለማየት፣ ለጥያቄውም በጣት ብቻ «እለፍ» ማለት ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። አንተ ግን ከወዲሁ ገዝተህ፣ ሳትከፍት፣ በልብስ ጠቅልለህ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገባው። የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በሻንጣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል።

በዚህ ምክንያት ለአማቴ ሊስማማቸው የሚችለው ጠርሙስ ቀርቶ የማይስማማቸው ብቻ አብሮኝ ገባ። ከእራት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ቀዳሁላቸው። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ አምቦው ሲሰዱ «አባባ፣ ይኼንንማ በውሃ ማበላሸት አይገባም፤ እንዲሁ ነው የሚጠጣው» ብዬ የአምቦውን ጠርሙስ ወደ ጎን አደረግሁት። ቀመሱት፤ ብርጭቆውንም ቀስ ብለው አስቀመጡና «ልጄ፣ ሆስፒታል ሆስፒታል ይለኛል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቡና እስኪቀርብ ድረስ ስለ ውስኪም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም። እጮኛዬ በማግስቱ ያለችኝ ይህ ነው፦ «መጠጡን ባይወዱት ምንም አልነበረም። አንተ ግን በገዛ ቤታቸው፣ በእንግዶቻቸው ፊት፣ አጠጣጥ አስተማርካቸው።»

የሚያሳዝነው፣ ያስተማርኳቸው ነገርም ስህተት ነበር። ወደ ቨርጂኒያ ከተመለስኩ በኋላ ጉዳዩን አጥብቄ መርምሬዋለሁ። ውስኪ የሚቀምሙት ባለሙያዎች ራሳቸው ናሙናውን ሲያሸቱ ብዙውን ጊዜ አልኮሉ 20 በመቶ ገደማ እስኪደርስ በውሃ ያቀጥኑታል፤ የአልኮሉ ግለት አፍንጫቸውን እንዳያደነዝዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት ባሳተሙት ጥናት፣ ጓያኮል የተባለው የጭስ ጠረን ሰጪ ንጥረ ነገር አልኮሉ እስከ 45 በመቶ ሲሆን ወደ ፈሳሹ ገጽ ተጠግቶ እንደሚቀመጥ፣ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ግን ወደ ውስጥ እንደሚገባ አሳይተዋል። ውሃ የሚጨምር ሰው ጠረኑን ወደ አፍንጫው እያቀረበው ነው ማለት ነው። ጃፓኖች ደግሞ ውስኪን ከምግብ ጋር በበረዶና በሶዳ አቅጥነው ይጠጣሉ፤ ይህም እዚያ የተከበረ አጠጣጥ ነው። አምቦ በተፈጥሮው ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ስለሆነ አማቴ ከዚህ የተለየ ነገር አላደረጉም። በራሴ ሙከራ እንዳየሁት፣ የአምቦ ማዕድን አበባ አበባ የሚሸቱትን ስስ ውስኪዎች ይጫናቸዋል፤ ጭስ ያለባቸው ግን ይቋቋሙታል።

በረዶን በተመለከተ፣ ቅዝቃዜ ጠረኑን ስለሚያፍነው እኔ አልወድም። ለሚወድ ሰው ግን አልከለክልም። የአልኮል መጠናቸው 46 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ በቅዝቃዜ ያልተጣሩ (ቅባታማው ነገር ቀዝቅዞ ያልወጣላቸው) ውስኪዎች በረዶ ወይም ውሃ ሲገባባቸው ሊደፈርሱ እንደሚችሉ አስቀድመህ ንገራቸው፤ የማያውቅ ሰው ሐሰተኛ መጠጥ የተሰጠው ሊመስለው ይችላል።

በሚቀጥለው ዓመት ስሄድ ትልቅ ጠርሙስ አልያዝኩም። እያንዳንዳቸው 5 ሴንቲ ሊትር የሚይዙ ስድስት ትናንሽ ጠርሙሶች ወሰድኩ። አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ከዚያም ስሙን ሳላሳይ በስድስት ብርጭቆ ቀድቼ፣ ንጹሕ ውሃም አምቦም ከጎኑ አስቀምጬ፣ የትኛው እንደሚጥማቸው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ እያሸተቱ ቆዩ። አራተኛው ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምረው ሲያሸቱት ዓይናቸውን ጨፈኑና «ይኼማ በወይራ የታጠነው የእናቴ የጠላ ጋን ነው» አሉ። ስሙን ገልጬ ባሳያቸው የአይላ ውስኪ ነበር፤ ብቅሉ ከረግረግ ተቆፍሮ በደረቀ ፒት በተባለ የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር ጭስ የደረቀ። ጠላ በታጠነ ጋን፣ ወተት በታጠነ ዕቃ ለጠጣ ሰው ያ ጠረን ባዕድ እንዳልሆነ እኔ ሳልሆን እሳቸው አገኙት። ዛሬ እሳቸው ራሳቸው ለእንግዶቻቸው ያስቀምሳሉ፤ ይህንን ስጽፍልህ ኩራት ይሰማኛል።

ወደ አንተ ስመለስ፣ ከባዱን የአይላ ጭስ ለጊዜው ተወው። የአይላው አርድቤግ ብቅል የፌኖል (የጭሱን ጠረን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች) መጠን 55 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 55 እጅ) ገደማ መሆኑ ለለመደው ሰው ደስታ ነው፤ ለመጀመሪያ ትውውቅ ግን አይመችም። ከስካይ ደሴት የሚመጣው፣ አልኮሉ 45.8 በመቶ የሆነው የ10 ዓመቱ ታሊስከር፣ ወይም የኦርክኒ ደሴቶች የ12 ዓመቱ ሃይላንድ ፓርክ ከብላክ ሌብል ጭስ ብዙ ሳይርቅ አንድ እርምጃ ያስኬዳቸዋል። የእኔ ምርጫ ታሊስከር ነው፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የሚል ጣዕሙ ከእራት በኋላ ይስማማል። አንተ ራስህ በኮካ እንደምትጠጣ ጽፈሃል፤ ለዚያ ቡርቦን የተባለውን የአሜሪካ ውስኪ ውሰድ። በአዲስ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ የኦክ በርሜል ስለሚቆይ የቫኒላ ጣፋጭነቱ ከኮካ ጋር አይጣላም።

ከመግዛትህ በፊት ግን የመረጥከውን በትንሹ ጠርሙስ ገዝተህ ቤትህ ውስጥ በአምቦ ቅመሰው፤ አምቦ በአካባቢህ ያሉ የሐበሻ ሱቆች ውስጥ ፈልግ፣ ካጣህም በሌላ ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ሞክረው። እዚያ ስትደርስም ጠርሙሱን ራስህ አትክፈት፤ ለእሳቸው ስጥና ለማን፣ መቼና በምን እንደሚቀዱት እሳቸው ይወስኑ። የምትሸጋገርበትን ከተማ ከጻፍክልኝ ስለ ሻንጣው የማውቀውን እጨምርልሃለሁ።