«በሽታውን ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ» ይለኛል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እዚህ ጎንደር ሦስተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። የሚያጠናው ድባቴን፣ ጭንቀትንና አንጎልን ነው። ከክረምቱ ወዲህ ግን እሱ ራሱ ተለወጠብኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነቃና ቁጭ ይላል። ምግብ አይበላም፣ ልጃችንን አያጫውትም። «አሞሃል» ስለው «በሽታውን ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ» ይለኛል። ባለፈው ጭራሽ «የተጨነቅሽው አንቺ ነሽ» ብሎ መጠይቅ አስሞላኝ። እናቱ ጠበል ይግባ ይላሉ። ምን ላድርግ?
ባለትዳር፣ ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጠይቁ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከሁሉም ያመመሽ እሱ መሰለኝ። ባልሽን ፈልገሽ ሄድሽ፤ ያገኘሽው ተመራማሪውን ነው። ልክ አልሠራም፤ ሲረጋጋ ልትነግሪው ይገባል። ዛሬ ግን አይሁን። የራሱን ሕመም መቀበል ያቃተው ሰው አንዳንዴ ሕመሙን አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ያየዋል።

«አውቀዋለሁ» ማለቱ ውሸት አይደለም። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ፍርሃትን እንዴት እንደሚቀሰቅስ ያውቃል። ጭንቀት ሲራዘም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን እንቅልፍን እንዴት እንደሚያውክም ያውቃል። ይህ ሁሉ ግን የብዙ ሰዎች አንጎል ተነጻጽሮ የተገኘ እውቀት ነው። የአንድን ሰው አንጎል ፎቶ አንስቶ «ይኸውልህ፣ ድባቴ አለብህ» የሚል ሐኪም የለም። ምርመራው ዛሬም በዋናነት ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ለዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ድባቴ ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት ያጣምማል። ታማሚው «አሞኛል» ከማለት ይልቅ «እኔ የማልረባ ነኝ» ይላል። ይህም ሕመም ሳይሆን እውነት ይመስለዋል። በሽታውን ስላጠና ብቻ ከዚህ አያመልጥም።

ብቻውንም አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ26 አገሮች 2,279 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ እንደ ባለቤትሽ ሦስተኛ ዲግሪ የሚሠሩ ናቸው። 39 በመቶዎቹ ላይ መካከለኛ ወይም ከባድ የድባቴ ምልክት ታየ፤ ጭንቀት ደግሞ በ41 በመቶዎቹ ላይ። ጥናቱን የሞሉት በፈቃዳቸው ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ብቻ ይህን ይዘሽ አትከራከሪው። በጥናት ከመጣሽበት ይረታሻል።

የበሽታውን ስም ተይውና ያየሽውን ብቻ ንገሪው። «ሌሊት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ አየሁህ። ልጃችን ኳሱን ይዞ መጥቶ ሳታየው ተመለሰ። ናፍቀኸኛል።» ይህን ምን ብሎ ይከራከርሻል? እናቱ ፊት አይሁን፤ ቡና ላይ ጎረቤት ባለበትም አይሁን። ተናግረሽ ስትጨርሺ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም ታገሺው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ሳትሸሺ ጠይቂው፦ «መኖር አስጠልቶህ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅሽ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ሰው እንዲያውም ይቀለዋል። «አዎ» ካለሽ ብቻውን አትተይው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። እሱ ግን የሚያውቁት ሰዎች እንዳያዩት የሚሳቀቅ ይመስለኛል። ሐፍረቱን አትናቂበት። ባሕር ዳርም ሄዶ፣ እሱን የማያውቅ ሐኪም ቢያየው ምንም አይደል። መድኃኒት ከታዘዘለት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ቢል አትደንግጪ።

አማትሽን አትጋፊያቸው። መታመሙን ካንቺ ሌላ ያዩለት እሳቸው ናቸው። እምነቱ ከሆነ ጠበሉን ይጠመቅ። ግን መድኃኒት ከጀመረ ለጠበል ብሎ እንዳያቋርጥ ከአሁኑ ተስማሙ። የንስሐ አባታችሁ ቢያግዟችሁ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እሳቸው ሲሉት ይሰማ ይሆናል።

የሞላሽው መጠይቅ ምን እንዳለ አልጻፍሽልኝም። አሞላሉ ቢያናድድሽም ውጤቱን ዝም ብለሽ አትጣይው። አንቺም ለወራት እንቅልፍ አጥተሻል። ነጥቡ ከፍ ብሎ ከሆነ የእሱን እሺታ ሳትጠብቂ፣ ልጁን ለእህትሽ ወይም ለአማትሽ ትተሽ፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም አናግሪ።