ዋጋ ለመጥራት አትፈሩ

ይድረስ በቤተ መጻሕፍትና መረጃ ሳይንስ ለምትመረቁ ወጣቶች፣

የሥራ ፈጠራ ኮርስ ወስዳችኋል አይደል? የንግድ ዕቅድ ጽፋችሁ ጥሩ ውጤትም አምጥታችሁ ይሆናል። ኮርሱ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዋጋ መጥራት ነው።

የእኛ ሙያ በነፃ መስጠት የለመደ ነው። አንባቢ ይጠይቃል፣ ፈልገን እንሰጣለን፣ አመስግኖ ይሄዳል። የተከበረ ልማድ ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። የግል ሥራ ላይ ግን ጣጣ ያመጣል። "ስንት ነው?" ሲባል እናፍራለን። አንዳንዱማ ዋጋ ሳይነጋገር ሥራውን ጨርሶ ያስረክባል!

ደንበኛው የሚከፍለው ለሚተርፍለት ሰዓት ነው። ስለዚህ የጠበቃ ቢሮ ስትገቡ ስለ ምደባና ካታሎግ ማውራት አትጀምሩ። አንድ የቆየ ውል ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? በሳምንት ስንቴ ይፈለጋል? የሚፈልገው ማን ነው፣ ደመወዙስ? ይህን አስሉና ዋጋችሁን ለማውጣት ከዚያ ተነሱ።

ዩጂን ጋርፊልድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1954 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ማስተርሱን ያዘ። ከዚያ የጆርናሎችን የይዘት ማውጫ እየሰበሰበ ለተመራማሪዎች መሸጥ ጀመረ። ጆርናሎቹ መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ ሁሉን የሚያገላብጥበት ጊዜ ያለው ተመራማሪ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የእሱ ድርጅት የሳይንስ ጥቅስ ማውጫውን፣ ማለትም የትኛው ጽሑፍ የትኛውን እንደጠቀሰ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ አወጣ።

በእናንተ ዘመን ኮሃ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ማንም በነፃ የሚወስደው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ሆኖ ሳለ በመትከል፣ በማሠልጠንና በጥገና የሚኖሩ ድርጅቶች አሉ። ከሁሉም አድካሚው የድሮ መዝገብ ማዛወር ነው። አንድ ደራሲ በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ ይገኛል፤ አንድ መጽሐፍ ሁለቴ ይገባል። ያ ክፍል ውስጥ ያሰለቻችሁ ማርክ (MARC፣ የመጽሐፍ መረጃ በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ቅርጽ) እዚህ ጋ እንጀራ ይሆናል። ኮምፒውተር የሚችል ሰው ሞልቷል፤ ይህን የሚያጠራ ግን ጥቂት ነው።

መምህራንም ብትሆኑ፣ ተማሪው በምናብ ለፈጠረው ድርጅት ዕቅድ ከሚጽፍ እውነተኛ ቢሮ ሄዶ ሰነዱን ቢያደራጅና ዋጋ ቢደራደር ይሻላል።

መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሥራ ያዙ። የሰው ሰነድ ስለምትነኩ የምስጢር ጥበቃ ግዴታ ውሉ ውስጥ ይግባ። አስረክባችሁ ስትወጡ አዲስ ፋይል በሥርዓቱ የሚያስገባ ሰው ከሌለ ነገሩ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ የሚነሳው ስም ደግሞ የእናንተ ነው። ሥልጠናውንና ወርሃዊ ክትትሉን ለየብቻ ዋጋ አውጥታችሁ፣ ሳትጀምሩ አስፈርሙ።